የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል፦ አፈራረሙና አለዋወጡ በደብረ ታቦርና በአካባቢው

በደብረ ታቦር ቤት የሚከራየው ብዙ ጊዜ በቃል ነው። ተከራይ በደላላ ወይም በሰው በሰው ይመጣል፤ ክፍሉን ያያል፤ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራቱ በጋራ ቆጣሪ ይሁን በግል ይጠይቃል፤ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ቆጥሮ ሰጥቶ ቁልፉን ይቀበላል። በዚህ መንገድ ዓመታት በሰላም የኖሩ አከራይና ተከራይ ሞልተዋል። ጠቡ የሚመጣው ውሉ የተለወጠ ዕለት ነው። ኪራዩ ይጨምራል፤ አንድ ሆኖ የገባው ተከራይ ትዳር ይዞ ሁለት ይሆናል፤ ግቢው ለወራሽ ወይም ለገዢ ይተላለፋል፤ በቤተሰብ ደረጃ ይከፈል የነበረው መብራት በክፍል መከፈል ይጀምራል። ይህ ሁሉ የውል ለውጥ ነው፤ ግን ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ ስለ ኪራይ ውል ሲነገር የመጀመሪያውን ፊርማ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከፊርማው በኋላ የሚመጣው ለውጥ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል።

የደብረ ታቦር የኪራይ ገበያ የራሱ መልክ አለው። ከተማዋ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ አቅጣጫ የተቀመጠች የደቡብ ጎንደር ዞን መዲና ናት። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሉና ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ የተቀበለው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ቦታ ተመድበው የሚመጡ ሠራተኞችን ይስባሉ። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዩ አብዛኛው ተከራይ ሆኖ ነው ከተማዋን የሚጀምራት። ዝውውር ሲደርሰው ደግሞ በሳምንት ውስጥ ጓዙን ጭኖ ይሄዳል። ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስም መጠኑ ይነስ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ውል የማይጻፍለት ተከራይ ግን የገጠሩ ተማሪ ነው። ከፋርጣና ከአጎራባች ወረዳዎች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር የሚመጡ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ቤቱን የሚይዝላቸው አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው፤ ለገበያ በመጣበት ቅዳሜ ከቤቱ ባለቤት ጋር ይነጋገራል፣ የወሩን ይከፍላል፣ «ልጆቹን አደራ» ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቅዳሜ እየሄዱ ስንቃቸውን በጆንያ ያመጣሉ፤ ጤፉ፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ከአልጋው ሥር ይቀመጣል። በዚህ ውል ውስጥ ያልተነገረ ብዙ ነገር አለ። ክፍሉ ስንት ልጅ ይይዛል? ትምህርት በሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ኪራዩ ይከፈላል ወይስ ቤቱ ይለቀቃል? ዕቃቸው በክረምቱ እዚያው ቢቀመጥስ? ከሦስቱ አንዱ ትምህርቱን ቢያቋርጥ የቀሩት ሁለቱ ሙሉውን ይከፍላሉ ወይ? ሰኔ መጨረሻ ላይ በየግቢው የሚሰማው ክርክር ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ ወረቀት የሚፈታው ነገር ነበር። ሕጉም ቢሆን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ራሱ እንዲዋዋል አይጠብቅም፤ ፈራሚው አባት ወይም አሳዳጊ መሆን አለበት።

የከተማ ቤት ኪራይ በኢትዮጵያ የተያያዘ የሕግ ታሪክ አለው ማለት ይከብዳል፤ ተቆራርጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ከቁጥር 2896 ጀምሮ፣ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው ደግሞ ከቁጥር 2945 እስከ 2974 ደንግጓል። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ገና 15 ዓመት ሳይሞላው፣ በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተባለ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየቱ ታገደ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም በመንግሥት ትእዛዝ ተቀነሰ። ዛሬ በየከተማው «የቀበሌ ቤት» የሚባለው የዚያ ጊዜ ቅርስ ነው። በቀበሌ ቤት የኪራዩ መጠን አያጨቃጭቅም፤ የሚያጨቃጭቀው የስሙ ጉዳይ ነው። በውሉ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ሲሞት ባለቤቱ ወይም አብረውት የኖሩት ልጆች ውሉን ወደ ራሳቸው ለማዞር የሚያቀርቡት ማስረጃ፣ አብሮ መኖርን የሚያሳየው መታወቂያ፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ውል ላይ ምን ተጻፈ ወደሚለው ይመለሳል። የግል ኪራይ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ባዶ ቦታ ላይ ነበር ያረፈው። ሕጉ በወረቀት ቢኖርም የመጻፍ ልማዱ ተቋርጦ ነበር።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለኪራይ ጥብቅ ፎርም አይጠይቅም ነበር፤ በቃል የተደረገ ኪራይም ውል ነው። ይህን የለወጠው በመጋቢት 2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግም፤ እሱም ተቆጣጣሪው በሚያወጣው ማስታወቂያ ልክ። ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ፣ እንዲሁም መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ቤቶች ከአዋጁ ውጭ ናቸው። አዲስ አበባ ከሰኔ 2016 ጀምሮ በየወረዳው ምዝገባ ስትጀምር ነገሩ በመላ አገሪቱ ወሬ ሆነ። በክልል ከተሞች ግን ተቆጣጣሪውን የሚሰይመው ክልሉ ነው። ተቆጣጣሪው ሥራውን ባልጀመረበት ከተማ ተዋዋዮች የሚደገፉት በፍትሐ ብሔር ሕጉና በራሳቸው ወረቀት ላይ ነው። አዋጁ እዚያ የመመዝገቢያ መስኮት ባይኖረውም እንደ ጥሩ የውል ናሙና ማገልገል ይችላል፤ የሁለት ዓመቱን ዘመንና የዓመት አንዴ ጭማሪውን ተዋዋዮች በፈቃዳቸው ቢጽፉት የሚከለክላቸው የለም።

ውል የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ነው። በፍርድ ቤትና በማዘጋጃ ቤት ዙሪያ ኮምፒውተራቸውን ዘርግተው የሚሠሩት ጸሐፊዎች የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው፤ ስም፣ አድራሻና ብር ብቻ ይሞላል። ቅጹ «የቤት ኪራይ ውል ስምምነት» ብሎ ይጀምራል፤ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ የገደቡ ነገር ይከተላል፦ ውል አፍራሽ ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለውል አክባሪ ይህን ያህል ይከፍላል። መጨረሻ ላይ ምስክሮች «ሲዋዋሉ አይተናል፣ ሰምተናል» ብለው ይፈርማሉ። ሁለቱን ቁጥሮች የማያውቃቸው ሰው የለም፤ ይዘታቸውን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያስገድዳል ይላል። 2005 የሚያወራው ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ኃይል ነው። ቁጥሮቹ ቢጠሩም ባይጠሩም ሕጉ ሕግ ነው። ቁጥር ጠርቶ የቤቱን ቆጣሪ ንባብ ካለመጻፍ ቁጥሩን ትቶ ንባቡን መጻፍ ይሻላል።

የጽሑፍ ውል ዋጋ የሚኖረው የሚፈርመው ሰው የመፈረም መብት ሲኖረው ነው። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ የቤተሰብ ሕጉ ለማከራየትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ብቻ ፈርሞ ሌላው በኋላ «አላወቅሁም» ሲል ተከራዩ መሃል ላይ ይቀራል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካለ የፈራሚው ውክልና መታየት አለበት፤ «የአጎቴ ቤት ነው» በቂ አይደለም። ቤቱ ውርስ ገና ያልተከፋፈለ ከሆነ አንድ ወራሽ ያከራየውን ሌላው ሊያናጋው ይችላል። መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ሲፈርም ደግሞ ቁጥር 1728 ልብ ሊባል ይገባል፦ የማያነብ ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ከተሞች ቤት የሚያከራዩ አረጋውያን እናቶች ብዙ ናቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ «አሻራዎን ያኑሩ» ያላቸው ወረቀት ከዚህ አኳያ ሲታይ ጎዶሎ ነው።

በደጋው ከተማ ውል ውስጥ መግባት ያለባቸው አንዳንድ ነገሮች ከአዲስ አበባው ቅጽ ላይ አይገኙም። አንዱ መብራት ነው። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ስድስት ክፍል ሲያገለግል ክፍያው በክፍል ይሁን በሰው ቁጥር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ መጻፍ አለበት። ምጣድ በብዙ ግቢ ክልክል ነው። መከልከሉ ግን ከገቡ በኋላ ነው የሚነገረው፤ ያን ጊዜ አዲስ ተጋቢዎች ምጣዳቸውን ገዝተው አስቀምጠዋል። ሌላው ክረምት ነው። የቆርቆሮው ክዳን ሐምሌ ላይ ሲያንጠባጥብ፣ የጭቃው ግድግዳ ሲላጥ ማን ያድሳል? ሕጉ ዋናውን ጥገና ለአከራይ፣ በአገልግሎት የሚበላሸውን ትንንሹን ለተከራይ ይሰጣል፤ በተግባር ግን ክዳን የሚመታው ተከራዩ ሆኖ ወጪው ከኪራይ ይቀነስ አይቀነስ ክርክር ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «አከራይ በጽሑፍ ሳይስማማ ተከራይ ያወጣው የጥገና ወጪ ከኪራይ አይቀነስም» ወይም ተቃራኒውን መጻፍ። ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ የሽንት ቤቱ ጽዳት ተራ፣ የግቢው በር ማታ የሚዘጋበት ሰዓትም የሚናቁ አይደሉም። ጳጉሜንም መርሳት አይገባም። በልማድ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትሄዳለች፣ ለብቻዋ አይከፈልባትም። ወሩን ከ25 እስከ 25 ለሚቆጥር ተከራይ ግን የአምስቱ ወይም የስድስቱ ቀን ሒሳብ ያሻማል፤ አንድ መስመር ይበቃዋል።

የኪራይ ውል ለምን አይጻፍም ለሚለው ስንፍና ብቻ መልስ አይሆንም። የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» የሚታይ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው፤ የተጻፈ ውል ደግሞ ገቢውን ያሳያል። ስለዚህ አንዳንዱ አከራይ ጨርሶ አይጽፍም፤ አንዳንዱ ሁለት ወረቀት ያዘጋጃል፤ በአንዱ ላይ እውነተኛው፣ በሌላው ላይ ዝቅ ያለው ኪራይ ይሰፍራል። ተከራዩም ቤት ላለማጣት ይፈርማል። ይህ አሠራር የሚጎዳው ገቢዎችን ብቻ አይደለም። አከራዩ ያልተከፈለ ኪራይ ጠይቆ ፍርድ ቤት ቢሄድ በእጁ ያለው የተፈረመ ወረቀት ዝቅተኛውን ቁጥር ይናገራል፤ በሰነድ የተጻፈን ነገር በሰው ምስክር ማፍረስ ደግሞ ከባድ ነው። ቤቱን በውድ አከራይቶ በርካሽ ይከራከራል ማለት ነው።

የውል ለውጥ ጉዳይ ደግሞ ከፎርሙ ይጀምራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1722 መሠረት በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው። በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በጽሑፍ ይለወጣል፤ በምስክር የተደረገው በምስክር። ዳኛም ቢሆን ርኅራኄ ስለተሰማው ብቻ የሰዎችን ውል አይለውጥም፤ ሕጉ በግልጽ ከፈቀደው ውጭ ውሉ እንደተጻፈ ይጸናል። ገበያ ተወደደ፣ ብር ወረደ ማለትም ውሉን በራሱ አያሻሽልም። የደብረ ታቦር ግቢ ልማድ ግን ሌላ ነው። አከራዩ ወር ሊያልቅ ሲል በር ላይ ቆሞ «ከመስከረም ጀምሮ ትንሽ ጭማሪ አለ፤ የማይመችህ ከሆነ ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ» ይላል። ተከራዩ «እሺ ጋሼ» ይላል ወይም ዝም ይላል። በሚቀጥለው ወር የጨመረውን ቢከፍል መስማማቱን ያሳያል፤ የድሮውን ቢከፍልና አከራዩ ቢቀበለው ደግሞ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። አንዱ «ተስማምቷል» ሌላው «አልተስማማሁም» የሚለው በዚህ ዝምታ ላይ ነው።

የማሻሻያ ወረቀት ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ፦ «በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተዋዋልነው የቤት ኪራይ ውል ተራ ቁጥር 3 ላይ የወር ኪራይ ብር 3,000 የሚለው ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ብር 3,300 ሆኖ ተሻሽሏል። የቀሩት የውሉ ቃሎች እንደነበሩ ይቀጥላሉ።» ቀኑ፣ የሁለቱ ፊርማ፣ በመጀመሪያው ውል ላይ የነበሩት ምስክሮች ቢገኙ የእነሱም ፊርማ ይታከልበታል። ውሉ ተመዝግቦ ከሆነ ማሻሻያውም ወደ መዝገቡ ይሄዳል። መደረግ የሌለበት ነገር በአሮጌው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሰርዞ አዲስ ቁጥር መጻፍ ነው። በየቅጂው ላይ ተመሳሳይ ስርዝ ካልተገኘና በአጠገቡ ሁለቱም ካልፈረሙ ስርዙ የተጠረጠረ ሰነድ ይወልዳል። ከወር ኪራይ ሌላ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ የግቢው አጠቃቀም ሲለወጥም መንገዱ ይኸው ነው።

የሰው ለውጥ ከብር ለውጥ ይልቅ ያወሳስባል። አብረው ከተከራዩ ሁለት መምህራን አንዱ ዝውውር ደርሶት ሲሄድ ጓደኛው ሌላ ሰው ያስገባል፤ አከራዩ አዲሱን ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ያየዋል። ወጪው መምህር ያስያዘው ቅድሚያ ክፍያ የማን ነው? ከአዲሱ ወስዶት ሄዷል እንበል፤ አከራዩ ግን ያንን አያውቅም። ትክክለኛው አካሄድ ሦስቱም የሚፈርሙበት ወረቀት ነው፦ ወጪው ዕዳ እንደሌለበት፣ አዲሱ በነባሩ ውል እንደገባ፣ የተያዘው ገንዘብ ወደ ማን እንደዞረ። ተከራይ ቤቱን ለሌላ ማከራየት ከፈለገም የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ። ባለቤቱ ሲለወጥ ደግሞ አዋጅ 1320 ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በዕዳ ምክንያት ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ውሉን ለማቋረጥ ለተከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። የቀብር ሳልስት ሳያልፍ «ቤቱ ሊከፋፈል ነው፣ ልቀቁ» ለሚሉ ወራሾች ይህ ድንጋጌ ሊነገራቸው ይገባል።

ጊዜው ያበቃ ውል ብቻውን አይሞትም። ተከራዩ ሳይወጣ፣ አከራዩም ሳይቃወም ኪራይ እየተቀበለ ከቀጠለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። በከተማው ካሉት ኪራዮች ብዙዎቹ በዚህ ሁኔታ የሚኖሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ወረቀት ከአምስት ዓመት በፊት ጊዜው አልፎ፣ ኪራዩም ሦስት ጊዜ ተለውጦ ሰዎቹ እዚያው ናቸው። አሮጌውን ከመጠጋገን አዲስ ውል መጻፍ ይቀልላል።

የክፍያ ማስረጃ ከውል ወረቀት ያላነሰ ይሠራል። በባንክ ገቢ የተደረገበት ደረሰኝ ቀኑን፣ ከፋዩንና መጠኑን ይናገራል፤ የጭማሪውንም ቀን ያረጋግጣል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር ነገሩን አቅልሎታል። ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ግን ብዙ ሰው ወደ እጅ በእጅ ክፍያ ተመልሷል። እጅ በእጅ የሚከፍል ሰው አንዲት ደብተር ይበቃዋል፤ በየወሩ ቀንና ብር ተጽፎ አከራዩ ይፈርምባታል። በአንዳንድ ግቢ የቤቱ ባለቤት ደብተሩን ራሳቸው ይይዙታል፤ ይህ ግን ለተከራዩ ማስረጃ አይሆነውም፤ ቅጂው በእጁ መኖር አለበት።

ውል ሲቋረጥ አዋጅ 1320 ተከራዩ የሁለት ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በአከራዩ በኩል ያለ ማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ የሚያስችሉ ምክንያቶች የተወሰኑ ናቸው፤ ቤቱን ለንግድ ወይም ለወንጀል መጠቀም፣ ኪራይ አለመክፈል። ለመጀመሪያ ጊዜ 15 ቀን፣ ለሁለተኛ ጊዜ 7 ቀን ያሳለፈ ተከራይ በዚህ ውስጥ ይገባል። ዝውውር የደረሰው ሠራተኛ ሁለት ወር መጠበቅ ስለማይችል ውሉ ላይ የዝውውር ደብዳቤ ሲቀርብ የሚሠራ አጠር ያለ ጊዜ ሁለቱ ተስማምተው ቢያስገቡ ይጠቅማል። አከራይ ደግሞ ተከራይን በገዛ እጁ አያስወጣም። መብራት መቁረጥ፣ ቁልፍ መቀየር፣ የቤቱን ቆርቆሮ መግለጥ በሽማግሌም በፍርድ ቤትም ፊት አከራዩን የሚያስጠይቁ ናቸው፤ ውዝፍ ያለበት ተከራይ እንኳ የሚወጣው በውሳኔ ነው። በመልቀቂያው ቀን ቆጣሪው ይነበባል፤ የመብራትና የውሃ ዕዳው ይታሰባል፤ የበሩ፣ የመስኮቱና የሶኬቱ ሁኔታ ከመግቢያው ዝርዝር ጋር ይተያያል፤ የተያዘው ገንዘብ ቀሪው ይመለሳል፤ ቁልፍ የተረከበው አከራይ «ተረክቤያለሁ፣ ዕዳ የለበትም» ብሎ ይፈርማል። የመብራት ሒሳቡ ገና ካልመጣ፣ ምን ያህል ተይዞ መቼ እንደሚመለስ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል።